ደሙ የት ሄደ? ከጅማ አንድ የደም ማነስ ጉዳይ

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተጠራሁ። ወሩ የካቲት ነው፤ የቡና ለቀማው ካለቀ ሳምንታት አልፈዋል። አንዲት የ38 ዓመት ሴት ከጅማ ከተማ ዳር በባጃጅ መጥታለች፣ ታናሽ እህቷ ደግፋ ይዛታለች። አልጋው ላይ ቁጭ እንዳለች ነው። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። እግሮቿ አብጠዋል። የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርጌ ሳየው ወረቀት መስሏል።

ይህን የምጽፈው ለሕክምና ተማሪዎች ነው። በሽታው ብርቅ አይደለም፣ በጅማ ዙሪያ የሚሠራ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል። የምጽፈው ይህች ሴት ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ የጤና ተቋም ደጅ ረግጣ፣ ሦስቱንም ጊዜ "ደም ማነስ" ተብላ ስለተመለሰች ነው። ስሟንና አድራሻዋን የሚጠቁም ነገር ትቼአለሁ።

በመጀመሪያው ጊዜ ወባ ነው ተባለች። በሁለተኛው ጨጓራ። ሰኔ ላይ በሦስተኛው ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቷት፣ ሄሞግሎቢኗ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) በ100 ሚሊ ሊትር 6.8 ግራም ሲደርስ "ተሽሎሻል" ተብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ያስተናገዷትን ተቋማት ስም አላነሳም። እኛም ጋ ያው ስህተት ሊደገም ጥቂት ነበር የቀረው።

ያን ሌሊት ያገኘናቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ሄሞግሎቢን 3.4፣ ሄማቶክሪት (ቀይ ሴሎቹ ከደሙ የያዙት ድርሻ) 12 በመቶ፣ ኤምሲቪ (የቀይ ሴሉ አማካይ መጠን) 56፣ አርዲደብሊው (የሴሎቹ መጠን መለያየት) 26። ነጭ የደም ሴል 7,800፣ ከዚያ ውስጥ 18 በመቶው ኢኦሲኖፊል የሚባለው ዓይነት። ፕላትሌት (ደም የሚያረጉት ቅንጣቶች) 612,000። ሬቲኩሎሳይት (ገና ከመቅኔ የወጣ ለጋ ቀይ ሴል) 1.5 በመቶ። የልብ ምት 118፣ የደም ግፊት 100 በ50፣ ትንፋሽ በደቂቃ 28። በጣቷ ላይ የተሰካው ፐልስ ኦክሲሜትር ደግሞ 96 በመቶ ይላል።

ተረኛው ተማሪ 96ን አይቶ ትንሽ ተረጋጋ። "ዶክተር፣ ኦክስጅኗ ጥሩ ነው" አለኝ። ወረቀት አውጥተን አብረን አሰላን። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን ሲሞላ 1.34 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይይዛል። ጤነኛ ሴት 13.5 ግራም ካላት በ100 ሚሊ ሊትር ደሟ ውስጥ 17.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን አለ። የዚህች ሴት 3.4 ሲባዛ በ1.34፣ ሲባዛ በ0.96፣ 4.4 ገደማ ሆነ። ሩብ ማለት ነው። መሣሪያው የሚነግረን ያሉት ሄሞግሎቢኖች ምን ያህል እንደተሞሉ ብቻ ነው። ስንት እንደሆኑ አይቆጥርም። አራት ባጃጅ ብቻ ባላት ከተማ አራቱም ሞልተው ቢሄዱ፣ ሕዝቡ መንገድ ላይ መቅረቱ አይቀርም።

ታዲያ በዚህ መጠን እንዴት በሕይወት አለች? ጊዜ ስላገኘች ነው። ደሟ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ስለወረደ ሰውነቷ ራሱን አመቻችቷል። በቀይ የደም ሴሎቿ ውስጥ 2፣3-ቢፒጂ የሚባለው ንጥረ ነገር ጨምሯል። ይህ ነገር ሄሞግሎቢንን ጠምዝዞ ኦክስጅኑን ለሕብረ ሕዋስ በቀላሉ እንዲለቅ ያደርገዋል። ጤነኛ ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ ሕብረ ሕዋሱ ከደሙ ኦክስጅን አንድ አራተኛውን ያህል ብቻ ይወስዳል። እሷ ከዚያ በጣም የበለጠ ትወስዳለች። ልቧ ፈጥኖ ይመታል፣ በእያንዳንዱ ምትም ብዙ ይገፋል። ደሟ ቀጥኗል፣ ሥሮቿ ሰፍተዋል። ዲያስቶሊኩ፣ ማለትም የታችኛው ግፊቷ፣ 50 የሆነውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ከመድረሴ በፊት የልብ ምቷ 118፣ ግፊቷ 100 በ50 መሆኑ ታይቶ አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ፈሳሽ) ተሰቅሎላት ነበር። ሐሳቡ ይገባኛል። ደም የፈሰሰው ሰው ሲመጣ የምናደርገው ይህንኑ ነው። እሷ ግን የጎደላት ፈሳሽ አልነበረም። ቀስ በቀስ በሚመጣ ደም ማነስ ቀይ ሴሉ ሲቀንስ ፕላዝማው ይጨምርና የደሙ ጠቅላላ መጠን እንደነበረ ይቆያል። ኩላሊትም ጨውና ውኃ ይይዛል። እግሯ ያበጠው፣ የአንገቷ ደም ሥር የተነፋው ልቧ ከአቅሟ በላይ ስለተጫነባት ነው። 400 ሚሊ ሊትር ያህል እንደገባ ትንፋሿ ባሰ። ነቀልነው። ፉሮሴማይድ (ትርፉን ውኃ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት) ሰጠናት፣ ኦክስጅን አደረግንላት፣ ትራሱን ከፍ አደረግን።

ደም አስፈለጋት፣ ግን አንድ ከረጢት ፓክድ ሴል (ፕላዝማው የተቀነሰለት ደም) ብቻ፣ በአራት ሰዓት ውስጥ፣ ነርሷ አጠገቧ ሆና እየለካች። ሁለተኛውን በማግስቱ ሰጠናት። ታናሽ እህቷ ምትክ እንዲሆን ደም ለገሰች። ሁለት ከረጢት በፍጥነት ቢለቀቅባት ኖሮ ሳንባዋ በውኃ ሊሞላ ይችል ነበር። በእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ላይ ቁጥሩን ለማስተካከል መቸኮል እንደሚገድል አምናለሁ። ተማሪዎቼ ሌላ ነገር ቢረሱ እንኳን ይህን ባይረሱ ደስ ይለኛል።

ጠዋት ራውንድ ላይ ተማሪው የሚያስፈልጉ ምርመራዎችን ዝርዝር አቀረበ። ፌሪቲን (የብረት ክምችት መለኪያ)፣ ቢ12፣ ፎሌት፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ፣ ኤችአይቪ፣ የወባ ፊልም፣ የእርግዝና ምርመራ፣ ኢንዶስኮፒ፣ ሌላው ቀርቶ የመቅኔ ናሙና። ጥሩ ዝርዝር ነው። አንድ ነገር ግን የለበትም፤ ሰገራ። ከዚያ የድሮ ካርዶቿን ገለጥን። በሦስቱም ጉብኝት ሰገራዋን ያየላት ሰው አልነበረም። ብዙ ብር የማያስወጣው ምርመራ ነው የተረሳው።

ወደ ምርመራው ከመሄዳችን በፊት የደም ፊልሟን አብረን ማይክሮስኮፕ ላይ አየን። ሴሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ መሃላቸው ገርጥቷል፣ አንዳንዶቹ እንደ እርሳስ ቀጥነው ረዝመዋል። ብዙ ተማሪ "ማይክሮሳይቲክ ሃይፖክሮሚክ" ብሎ በቃሉ ይላል። ለምን እንደሚያንሱ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆየት እንበል።

መቅኔ ውስጥ ያለ እናት ሴል ቀይ ሴል ለመሆን እየተከፋፈለ ይሄዳል። መከፋፈሉን የሚያቆመው በውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን በቂ ሲሆን ነው። ሄሞግሎቢን ለመሥራት ደግሞ ግሎቢን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ሄም ያስፈልጋል፣ ለሄም ብረት። ብረቱ ከሌለ ፕሮቶፖርፊሪን የተባለው ቀለበት ባዶውን ቁጭ ይላል፣ ዚንክም ገብቶ ቦታውን ይይዛል። ሴሉ "ገና አልሞላሁም" ብሎ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይከፈላል። ስለዚህ ያንሳል። በዚያ ላይ ሄም ሲያጥር ኤችአርአይ የተባለ ኢንዛይም ነቅቶ የግሎቢን ምርትን ያፍናል። ሄም ሳይኖር ግሎቢን ብቻውን ቢከማች ሴሉን ይመርዘዋል፤ ስለዚህ አፈናው ጥበብ ነው። የገረጣው መሃል ከዚህ የመጣ ነው።

ሬቲኩሎሳይቱ 1.5 በመቶ ነበር፣ ሪፖርቱ ላይ "ኖርማል" ተብሎ ተጽፏል። ኖርማል አይደለም። ሄማቶክሪቷ 12 ስለሆነ 1.5ን በ12 አባዝተን ለጤነኛው ሄማቶክሪት፣ ለ45፣ ስናካፍል 0.4 ይሆናል። ሬቲኩሎሳይቶቹ ከመቅኔ ቀድመው ወጥተው በደም ውስጥ ረዘም ስለሚሉ ደግሞ ለ2.5 እናካፍላለን፣ ከ0.2 በታች ይመጣል። ከ2 በታች ማለት መቅኔው አልመለሰም ማለት ነው። ቀይ ሴል እየፈረሰባት ቢሆን ኖሮ ይህ ቁጥር ከፍ ይል ነበር። ቢጫነት የላትም፣ ሽንቷም አልጠቆረም። ስለዚህ የወባ ሄሞሊሲስ ነው የሚለው ሐሳብ እዚሁ ላይ ተዳከመ። የወባ ፊልሙም ንጹሕ ሆነ። ፕላትሌት መብዛቱ ደግሞ የብረት እጥረት የተለመደ አብሮ አደር ነው፤ ብቻውን ካዩት ወደ መቅኔ ካንሰር ያስሮጣል።

ፌሪቲኗ በሦስተኛው ቀን መጣ። በሚሊ ሊትር 3 ናኖግራም። ጎተራው ባዶ ነው።

በአጋጣሚ ከእሷ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ነበሩ። ሄሞግሎቢናቸው 8፣ ፌሪቲናቸው 400። እነዚህን ሁለት አልጋዎች እያነጻጸርን ግማሽ ቀን አሳለፍን ብል ማጋነን አይሆንም። ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ትንሽ ሆርሞን ይሠራል። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተማሩ ሐኪሞች ሳያውቁት ነው የተመረቁት። ብረት ከአንጀት ሴልና ከማክሮፌጅ (ያረጁ ቀይ ሴሎችን ከሚበላው ሴል) ወደ ደም የሚወጣበት አንድ በር አለ፣ ፌሮፖርቲን ይባላል። ሄፕሲዲን ያንን በር ይይዝና እንዲፈርስ ያደርጋል። በነቀርሳው ሕመምተኛ ላይ ኢንተርሊዩኪን-6 የተባለው የብግነት መልእክተኛ ጉበቱን እየጎሰመ ሄፕሲዲን ከፍ ብሏል። ብረቱ ቤት ውስጥ አለ፣ በሩ ግን ተዘግቷል። በእሷ ላይ ሄፕሲዲኑ ወርዷል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ቤቱ ውስጥ ግን ምንም የለም። ሁለቱም "ደም ማነስ" ናቸው። ለሁለቱም እኩል የብረት ክኒን መስጠት ግን አንዱን ጨርሶ አለመረዳት ነው።

እና ብረቷ የት ሄደ?

እህቷ በመጀመሪያው ቀን "እሷ እኮ ጤፍ ነው የምትበላው፣ እንዴት ደም ያንሳታል?" ብላ ተከራክራን ነበር። ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ ነው። ጤፍ ሲመረመር በእርግጥ ብዙ ብረት ይገኝበታል። ጥቂት የማይባለው ግን በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ከአፈር የሚቀላቀለው ነው፣ እሱን አንጀት ብዙም አይወስደውም። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴትም ብረቱን ይዞ ያስቀረዋል፤ የሊጡ መቡካት የተወሰነውን ያፈርሰዋል እንጂ ሁሉንም አይደለም። ከዚያ ቡናው አለ። ጅማ ላይ ስለ ቡና ክፉ መናገር ከባድ ነው። በአንድ የታወቀ ሙከራ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት የመውሰድን አቅም ወደ 39 በመቶ ቀንሷል፣ ሻይ ደግሞ 64 በመቶ። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ግን ምንም አልቀነሰም። እሷ ምሳ በልታ ሳትጨርስ አቦሉ ይቀዳል።

ይሁን እንጂ ምግብ ብቻውን ሄሞግሎቢንን 3.4 ላይ አያደርስም። እንዲህ የወረደ ሰው እየደማ ነው። የወር አበባዋን ጠየቅናት፣ ሦስት ቀን፣ ብዙም አይደለም። ደም አላስመለሳትም፣ ሰገራዋ ጥቁር አልሆነም። ሥራዋን ስንጠይቃት ከጥቅምት እስከ ጥር በአጋሮ በኩል ቡና ትለቅማለች። በክረምት ከቡናው ሥር አረም ታርማለች። በጫማ ነው ወይ ስንላት ፈገግ አለች። "ጫማዬን ለቤተ ክርስቲያን ነው የማደርገው፣ ጭቃው ይውጠዋላ።"

ቡና ጥላ ይወዳል። በጥላው ሥር ያለው አፈር እርጥብና ለስላሳ ነው፣ ፀሐይ በቀጥታ አይመታውም። መጸዳጃ ሩቅ ስለሆነ ለቃሚው እዚያው ጫካው ውስጥ ይወጣል። ሁክወርም ለሚባለው ደም መጣጭ የአንጀት ትል እጭ ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም። እጩ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል። በደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ በጉሮሮ ይወጣል፣ ይዋጣል፣ ትንሹ አንጀት ላይ ይሰፍራል። በቆዳ የመግባቱን ነገር ያገኘው በካይሮ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው አርተር ሎስ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እጭ ያለበት ውኃ በድንገት እጁ ላይ ፈሰሰበት፣ ቆዳው ቀላና አሳከከው፣ ከሳምንታት በኋላ የራሱን ሰገራ ሲመረምር እንቁላሉን አገኘው። እሷም በየክረምቱ በእግር ጣቶቿ መሃል የሚያሳክክ ሽፍታ እንደሚወጣባት ነገረችን። ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ትሉ የአንጀቱን ግድግዳ ነክሶ ይይዛል። ደም እንዳይረጋ ፋክተር 10ኤንና ፋክተር 7ኤን የተባሉትን የደም ማርጊያዎች የሚያግዱ ነገሮች ይተፋል። ጠግቦ ቦታ ሲቀይር የተወው ቁስል መድማቱን ይቀጥላል። ኔካተር ከተባለው የሁክወርም ዓይነት አንዱ ትል በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያሳጣል፣ ሌላው ዓይነት አንኪሎስቶማ ዱኦደናሌ ደግሞ 0.2 ገደማ ይደርሳል። ደሙ የሚፈሰው ከላይ፣ በጥቂት በጥቂቱ ስለሆነ ሰገራው መልኩን አይቀይርም። አንጀቱም ከብረቱ የተወሰነውን መልሶ ይወስዳል።

የሰገራዋ ውጤት በካቶ-ካትዝ (የትል እንቁላል መቁጠሪያ ዘዴ) በአንድ ግራም 5,200 የሁክወርም እንቁላል ሆኖ መጣ። ከ4,000 በላይ ከባድ ይባላል። ላብራቶሪ የምትገቡ ተማሪዎች አንድ ነገር ያዙ፤ የካቶ-ካትዝ ስላይድ ለሁክወርም ከሆነ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ መነበብ አለበት። ግሊሰሪኑ ስስ ቅርፊቱን ያጠፋዋል። ከምሳ በኋላ እናየዋለን ብላችሁ ከሄዳችሁ ስትመለሱ ምንም የለም።

አሁን ያችን የሰኔ ደም እናስላት። 300 ኔካተር አላት ብለን እንገምት፣ በቀን 9 ሚሊ ሊትር ደም። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን 3.4 ሚሊ ግራም ብረት አለው። ሄሞግሎቢኗ 13 ቢሆን በቀን 4 ሚሊ ግራም ብረት ታጣለች። በቀን ከምግብ የምንወስደው ከ1 እስከ 2 ነው። 6.8 ላይ 2 ሚሊ ግራም ያህል ታጣለች። 3.4 ላይ 1 ሚሊ ግራም ብቻ። አስተውሉ፣ ደሟ በቀጠነ ቁጥር የምታጣው ብረት ይቀንሳል። ለዚህ ነው እዚህ ወለል ላይ ደርሳ የቆመችው፣ ለዚህም ነው ያልሞተችው። ሁለት ከረጢት ደም ደግሞ 450 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት ይዞ ይገባል። በቀን 2 እየተቀነሰ ሰባት ወር ተኩል ይቆያል። በስምንተኛው ወር ተመልሳ መጣች። ሂሳቡ ግምት ነው፣ ግን ይህን ስናሰላ ክፍሉ ዝም አለ። ትሉ ሳይወጣ የተሰጣት ደም የሄደው ለትሉ ነበር።

በአራተኛው ቀን እህቷ ወደ ጎን ወሰደችኝ። "ዶክተር፣ እትዬ አፈር ትበላለች። እንዳልናገር አስምላኝ ነው።" ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "እህቴ፣ ይህ ነገር የበሽታው ነው፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም" አልኳት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችን። የግድግዳ ጭቃ ነው፣ በተለይ ዝናብ ሲነካው ሽታው ያምራታል። አንድ ዓመት ሆኗታል። ብረት ሲያጥር እንዲህ ያለ አምሮት ለምን እንደሚመጣ አሠራሩ እስካሁን በውል አልተፈታም፤ ብረቱ ሲመለስ ግን አምሮቱ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜም ሄሞግሎቢኑ ሳይነሳ። በየሕመምተኛው ጠይቁ። በር ዘግታችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ጠይቁ።

አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም ለሦስት ቀን ሰጠናት። ከዓመት በፊት ከመድኃኒት ቤት አንድ ሜቤንዳዞል ገዝታ ውጣ ነበር። አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሜቤንዳዞል ሁክወርምን የሚያጠፋው ከአሥር ሰዎች በሦስቱ ያህል ብቻ ነው፣ አልቤንዳዞል በስምንቱ ያህል። "የትል መድኃኒት ወስጃለሁ" የሚል ሰው ምን እንደወሰደ መጠየቅ አለበት።

ብረቱን በአፍ ጀመርን፣ ፌረስ ሰልፌት፣ አንድ ቀን እየዘለለች አንድ ክኒን። አንዳንድ ተማሪ በቀን ሦስት ጊዜ ካልሆነ አይበቃም ይላል። አንድ ክኒን ሲዋጥ ሄፕሲዲን ለ24 ሰዓት ያህል ከፍ ይላል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ክኒን በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ሆድን ያውካል እንጂ ብዙ አይጠቅምም። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ብርቱካን ካለ በብርቱካን። ቡናውን ተዪ አላልናትም። "ከክኒኑና ከምግቡ ሁለት ሰዓት ይራቅ" አልናት። እሱን እሺ አለች።

በሰባተኛው ቀን ሬቲኩሎሳይቷ 9 በመቶ ደረሰ። ያን ቁጥር ተማሪው ነው ሮጦ ያመጣልኝ። ሄሞግሎቢኗ ገና 5.9 ነበር። ትንፋሿ ተስተካክሎ፣ እግሯ ጎድሎ ወጣች።

ሦስት ልጆች አሏት። እንድታመጣቸው ነገርናት፣ በሁለቱ ሰገራ ውስጥ እንቁላል ተገኘ። ትልቁ ልጅ በመምህሩ "ሰነፍ" የተባለ ነው፤ ሄሞግሎቢኑ 7.4 ነበር።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ለክትትል መጣች። ሄሞግሎቢን 10.9፣ በሰገራዋ ምንም የለም። ብረቱን ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላም ለሦስት ወር ትቀጥላለች፣ ጎተራው እስኪሞላ። የላስቲክ ቦቲ ጫማ ገዝታለች፣ እህቷ ናት የከፈለችው። ስለ ጭቃው ስጠይቃት "ሽታው እንኳን አያምረኝም" አለችኝ። ተማሪው እጇን ያዝ አድርጎ ጥፍሯን አየ። የካቲት ላይ ጥፍሮቿ ሁሉ እንደ ማንኪያ ጎድጉደው ነበር። አሁን ጫፉ ያው ማንኪያ ነው፣ ከሥር የበቀለው ግማሽ ግን ለስላሳና ቀጥ ያለ ሆኗል።